ለሦስተኛዋ፦ ከግምጃ ቤት ለአትሌት ውዴ አያሌው

ይድረስ ለአትሌት ውዴ አያሌው፤ ባለሽበት።

አታውቂኝም። በአዊ ዞን፣ ግምጃ ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነኝ። አንቺ የሰከላ ልጅ ነሽ፤ የግሽ ዓባይ አገር። ወረዳሽ ከዞናችን ጋር ይዋሰናል። ጎረቤት ለጎረቤት ሲጽፍ መግቢያ አያበዛምና ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምጽፍልሽ በ2001 ዓ.ም. ስለሮጥሽው ሩጫ ሁሉ ላመሰግንሽ ነው። «ምነው እስከ ዛሬ?» ብትይኝ እውነትሽን ነው፤ ግን ምስጋና ዘግይቶም ቢሆን ይድረስ ብዬ ነው።

የፈረንጆቹ የውጤት መዝገብ ያንን ዓመትሽን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹን 2008፣ ግማሹን 2009 ይለዋል። እንደ እኛ አቆጣጠር ግን አንድ ዓመት ነው፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያልተቋረጠ። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ታላቁ ሩጫን አሸነፍሽ። ታኅሣሥ 22 ቀን ብራዚል ተሻግረሽ፣ ፈረንጆች አሮጌ ዓመታቸውን በሚሸኙበት ዕለት፣ በሳኦ ፓውሎ ጎዳናዎች የሚካሄደውን የሳኦ ሲልቬስትሬን 15 ኪሎ ሜትር አሸነፍሽ። ይህ ውድድር ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሮጥ አንጋፋ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሯጩን የሚፈትን ዳገት አለው። ሰኔ 7 ሆላንድ፣ ዩትሬክት ላይ 10 ሺህ ሜትር ሮጥሽ። ነሐሴ 9 በርሊን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አጠለቅሽ። ያኔ ገና 22 ዓመትሽ ነበር። በጎዳና ጀምሮ በመም የጨረሰ፣ ሦስት አህጉር የረገጠ ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ያሳለፈች ሴት ልጅ ስሟ በአካባቢያችን በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፋል ብለሽ ብትጠብቂ አይፈረድብሽም። አልተጻፈም።

ያን ዓመት እኔ የመምህራን ኮሌጅ ሠልጣኝ ነበርኩ። የኮሌጁን ስም ተይው። የውድድር ሰሞን ሲደርስ የሜዳው ሣር ይታጨዳል፣ መሙ በኖራ ይሰመራል፤ ኖራው ካለቀ በአመድ ይቀጠላል። ዝናብ ከመጣ መስመሩ ይታጠብና ዙሩ በግምት ይሆናል፤ አንዷ አሳጥራ ትዞራለች፣ ሌላዋ አስረዝማ። የኮሌጁ ሠራተኛ ከቢሮ የሚያመጣው የሩጫ ሰዓት አንድ ብቻ ነበር። ወንዶቹ 5 ሺህም 10 ሺህም ይሮጡ ነበር፤ የእኛ ረጅሙ 3 ሺህ ሜትር ነው። ሴቶቹ ተሰብስበን 5 ሺህ ይፈቀድልን ብለን ጠይቀን ነበር። የተሰጠን መልስ «ትደክማላችሁ፤ ምሳ ሰዓትም ይገፋል» የሚል ነበር።

ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። የሰሙትን ነው የደገሙት። ሴቶች 10 ሺህ ሜትር በዓለም ሻምፒዮና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጡት በ1987 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ነው፤ በኦሎምፒክ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ሴኡል ላይ። ልብ በይ፤ 1987 አንቺ የተወለድሽበት ዓመት ነው። ርቀቱም አንቺም እኩዮች ናችሁ። የሴቶች 5 ሺህ ሜትር ኦሎምፒክ የገባው ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንቺ ያን ጊዜ ፊደል የምትቆጥሪ ልጅ ነበርሽ። ዓለም እስከዚያ ድረስ ያመነታበትን ነገር የእኛ ኮሌጅ ትንሽ ዘግይቶ ቢያመነታ አይገርምም። የሚገርመው ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በዚሁ ርቀት ወርቅ ካጠለቀች ከ16 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በራሷ አገር አሁንም «ትደክማላችሁ» መባሉ ነው።

አሁን ወደ ዩትሬክት ልመለስ፤ ብዙ የማመሰግንሽ በዚያ ቀን ነው።

የዚያ ቀን ዜና መሰለች መልካሙ ነበረች፤ ይገባታልም። 29:53.80 ገባች። ጥሩነሽ ዲባባ ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ስታገኝ ያስመዘገበችውን 29:54.66 አሻሽላ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ያዘች። ክብረ ወሰኑ አልማዝ አያና በ2016 እ.ኤ.አ. ሪዮ ላይ 29:17.45 እስክትሮጥ ድረስ ሰባት ዓመት ቆየ። አንቺ ደግሞ ሁለተኛ ሆነሽ 30:11.87 ገባሽ። ከመሰለች 18 ሰከንድ ዘግይተሽ። በዜናው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበርሽ።

ያቺን አንድ ዐረፍተ ነገር እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሳስተምርባት ኖሬያለሁ። እንዴት መሰለሽ? ተማሪዎቼን ሜዳ አወጣና 30:11.87ን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዳካፈልነው አስታውሳቸዋለሁ። 25 ዙር ነው፤ ለአንድ ዙር 72 ሰከንድ ተኩል ይደርሳል። «እስቲ ከእናንተ መሃል አንዲት ልጅ አንድ ዙር ብቻ በ72 ሰከንድ ትዙርልኝ» እላለሁ። ሁልጊዜ አንዷ ትነሳለች። ጫማዋን ታወልቃለች፤ ሸራ ጫማው ያንሸራትታታል። የመጀመሪያውን 200 ሜትር እንደ ጥይት ትወነጨፋለች፤ ከዚያ ትከሻዋ ይነሳል፣ እጇ ደረቷ ላይ ይጣበቃል፣ አንገቷ ወደ ጎን ያዘነብላል። አንዳንዷ በ80፣ ጎበዟ በ74 ትገባና ሣሩ ላይ በጀርባዋ ትዘረጋለች። ልጆቹ ያጨበጭባሉ። እኔ አጠገቧ ቁጭ እልና «ጎበዝ፤ 24 ይቀርሻል» እላታለሁ። ሳቁ ከሜዳው ማዶ ይሰማል። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ፤ የሰከላዋ ልጅ ምን እንዳደረገች በእግራቸው የገባቸው ያኔ ነው። ስለ ጽናት ሦስት ክፍለ ጊዜ ከማወራ ያቺ አንድ ዙር ትበልጣለች።

የመሰለችን ሰዓት ለምን አልመረጥሽም ትዪኝ ይሆናል። ክብረ ወሰን ልጆቹን ያስደንቃቸዋል፤ የአንቺ ግን ያስጠይቃቸዋል። «ሁለተኛ ወጥታ እንዴት ተጻፈላት?» ይሉኛል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ በርሊን የማስታውሰውን ልንገርሽ። ቅዳሜ ነበር፣ ፍልሰታ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ለክረምት ዕረፍት ቤተሰቦቼ ዘንድ መጥቼ፣ ቴሌቪዥን ባለው ሻይ ቤት ጋቢ በለበሱ ወንዶች መሃል ከወንድሜ ጋር ተቀምጫለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የጋዜጠኛው ድምፅ አይሰማም፤ ምስሉን ብቻ ነው የምናየው። ጥሩነሽ በጉዳት የለችም። ቢሆንም ማንም አልሰጋም፤ ይህን ርቀት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጌጤ ዋሚ፣ ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬ፣ ከዚያም ጥሩነሽ ሁለት ጊዜ፣ በተከታታይ አምስት የዓለም ሻምፒዮና ወስደነዋል። መሠረት ደፋር መጨረሻው ዙር ላይ ስትወጣ ሻይ ቤቱ ተነሣ። ቀጥታው መስመር ላይ ሲገቡ እርሷ ደከመች፣ መሰለች አለፈቻት፣ እጇንም ለደስታ ማንሣት ጀመረች፤ ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ግን ደረሰችና በ10 መቶኛ ሰከንድ ቀደመቻት። አንቺም መሠረትን አልፈሽ ሦስተኛ ገባሽ። ማሳይ 30:51.24፣ መሰለች 30:51.34፣ አንቺ 30:51.95። ከወርቁ የራቅሽው በ71 መቶኛ ሰከንድ ነው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ የተሰማው ቁጭት ብቻ ነበር። ስለ መሰለች እጅ፣ ስለ ጥሩነሽ ጉዳት፣ ስለ ኬንያውያን ብልጠት ክርክር ተጀመረ። ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው «ሦስተኛዋስ የማን ልጅ ናት?» ያሉት።

«የሰከላ ናት» አለ ወንድሜ።

«ሰከላ? ይቺ የእኛዋ ሰከላ?»

«ይቺው።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጠፉና «ታዲያ ምን ያነጫንጫችኋል!» አሉ። ለእኔ ከዚያ ምሽት የቀረልኝ ይህ ነው። እጄን አገጬ ላይ አድርጌ፣ በአንድ ቀን መንገድ የሚደረስበት አገር ልጅ ከዓለም ሦስተኛ መሆኗን ሳሰላስል ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ነሐስሽን ለማየት ጊዜ ያገኘ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ዩሴን ቦልት በዚያው ስታዲየም 100 ሜትርን በ9.58 ሮጠ። በሦስተኛው ቀን ቀነኒሳ በቀለ 10 ሺህ ሜትርን አሸነፈ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ 5 ሺሁን ደገመ። ከበርሊን የተገኙት ሁለቱም ወርቆች የእርሱ ናቸው። አገር ደስ አለው። ነገር ግን ቡድኑ ይዞ የተመለሰው ስምንት ሜዳሊያ ነው፤ ሁለት ወርቅ፣ ሁለት ብር፣ አራት ነሐስ። ከአራቱ ነሐሶች ሦስቱ የሴቶች ናቸው፤ የአንቺ፣ የአሰለፈች መርጊያ በማራቶን፣ የመሠረት ደፋር በ5 ሺህ። ነሐስን በወርቅ ዓይን ብቻ የሚያይ ሕዝብ ሀብቱን ገሚሱን ሜዳ ላይ ጥሎ እንደሚገባ ገበሬ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ እንድትይልኝ እፈልጋለሁ። በርሊን ላይ የገባሽው ከዩትሬክት ሰዓትሽ 40 ሰከንድ ዘግይተሽ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ደክማ ነው?» ይላሉ። አይደለም። ዩትሬክት የሰዓት ሩጫ ነበር፤ በርሊን የሰው ሩጫ። በሻምፒዮና ማንም ለማንም ነፋስ አይከላከልም፤ ሁሉም ይጠባበቃል፣ ይተያያል፣ መጨረሻው ዙር ላይ ይፈነዳል። አምስት ሴቶች አንድ ሰከንድ ከጥቂት መቶኛ ውስጥ ተከታትለው የገቡት ለዚያ ነው። አንቺ በሁለት ወር ልዩነት ሁለቱንም ዓይነት ሩጫ አውቀሽ አሳየሽ። ስንቱ ሯጭ ነው ሰዓት እያለው ሻምፒዮና ላይ የሚጠፋው!

ዛሬ ሠንጠረዡ ሌላ ሆኗል። ለተሰንበት ግደይ 29:01.03 ሮጣለች፤ ጉዳፍ ፀጋይ ወደ 29:05 ወርዳለች፤ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ደግሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ዩጂን ላይ 28:54.14 ሮጣ ከ29 ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የዛሬ ሯጮች ከመሙ ጠርዝ ላይ ፍጥነቱን የሚመራ መብራት በርቶላቸው፣ የሚያስፈነጥር ሶል ያለው ጫማ አጥልቀው ነው የሚሮጡት። ጉልበታቸውን ለማሳነስ አይደለም የምለው፤ መብራቱ እግር አይሆንም። ግን የ2001ን 30:11.87 ከዛሬ ሠንጠረዥ ጋር አስተያይቶ «ቀላል ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ያለ መብራትና ያለ አዲሱ ጫማ 25 ዙር ዞሮ ይምጣና እንነጋገር።

ስለ እኛ አካባቢ ሴት ሯጮች ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ከሕፃንነቷ ውኃ ለመቅዳት ስትሮጥ አደገች የሚል። ይህን የሚጽፍ ሰው ውኃ ቀድቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሃያ ሊትር ጄሪካን ያዘለች ልጅ አትሮጥም፤ ትራመዳለች፣ ያውም አጎንብሳ። ሩጫ ሌላ ሥራ ነው። አሠልጣኝ፣ ምግብ፣ ዕረፍት፣ ክለብ፣ ሰዓት ይፈልጋል። አንቺ የሠራሽውን ሥራ ለጄሪካኑ መስጠት ደግ አይደለም። እኛ አዊዎች ፍጥነትን ማድነቅ እናውቃለን፤ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሶቹ ሲጋልቡ መጥተሽ ብታዪ፣ ለፈረስ የሚወርደው ሙገሳ ያስገርምሻል። ለሴት ልጅ እግር ያን ያህል አንደበተ ርቱዕ አይደለንም። ለዚህ ነው እኔ ቢያንስ በደብዳቤ ልሞክር ያልኩት።

በቀጣዩ ዓመት ኮሌጅ ስንመለስ የአንቺን ስም ይዘን እንደገና ጠየቅን። «ከጎረቤት ወረዳ የወጣች ልጅ 10 ሺህ ሜትር ከዓለም ሦስተኛ ወጥታለች፤ እኛ ግማሹን ብንሮጥ ምን እንሆናለን?» አልን። ተፈቀደልን። ከተመዘገብነው ገሚሶቹ መሃል ላይ አቋረጡ። እኔ ከኋላ ብቀርም ጨረስኩ። መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ሰዓት የያዘው ሰው የለም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መዝግቦ ለምሳ ሄዷል። ስለዚህ 5 ሺህ ሜትር መሮጤን አውቃለሁ፤ በስንት እንደሮጥኩት ግን እኔም ሌላም ሰው አያውቅም።

ውዴ፣ ከምስጋናዬ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። አንቺ ሁለተኛም ሆነሽ፣ ሦስተኛም ሆነሽ ሰዓትሽ ተጽፏል፤ እስከ መቶኛ ሰከንድ። 18 ሰከንድ ዘግይተሽ የገባሽበት ሩጫ ስለተጻፈ ነው ግምጃ ቤት ያለች ልጅ ዛሬ ራሷን ከአንቺ ጋር የምትለካው። ያልተጻፈ ሩጫ ማንንም አያስተምርም።

ደግሞ አልቆምሽም። ከበርሊን በኋላ ስምሽ ብዙ ሳይጠራ ዓመታት አለፉ። እዚህ አካባቢ «ውዴስ የት ገባች?» የሚለው ጥያቄ እንኳ ተረሳ። ከዚያ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ሳኦ ፓውሎ ላይ ያንኑ 15 ኪሎ ሜትር እንደገና አሸነፍሽ። በዓመቱ ደገምሽው። በ2001 በ21 ዓመትሽ ያሸነፍሽውን ሩጫ በ28 ዓመትሽ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፍሽ ማለት ነው። ያን ሰሞን እኔ አስተማሪ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ «ሩጫ የልጅነት ነው» ማለት ጀምሬ ነበር። ዜናውን ስሰማ ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ ሜዳ ወረድኩ። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ፤ ፍጥነቴን አትጠይቂኝ።

ልመና አለኝ፤ አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ይህን ለሚያነብ ሁሉ።

ለአንቺ፦ ወደ ሰከላ ስትመጪ በእንጅባራ በኩል ጎራ በይ፤ ግምጃ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። ንግግር አዘጋጂ አልልሽም። ከልጆቹ ጋር ሜዳ ወርደሽ አንድ ዙር ብቻ በ72 ሰከንድ አሳዪልኝ፤ ዛሬ ያ ከከበደሽ በፈለግሽው ፍጥነት ዙሪ። ድንችና ቡና አናጣም።

ለአንባቢው፣ ይልቁንም ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ ለኮሌጆችና ለወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፦ በሚቀጥለው የውድድር ሰሞን ለሴቶች 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር ይኑር። ሰዓት ያዡም የመጨረሻዋ ልጅ መስመሩን እስክታልፍ ድረስ ቦታውን አይልቀቅ። የሁሉም ሰዓት ይጻፍ፤ ወረቀቱም በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

አክባሪሽ፣
ከግምጃ ቤት አንዲት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት